በምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት ሕክምና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ድርቅ ወይም ግጭት በተነሳ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄዎች ይመጣሉ። ገሚሱ ገጠር ካለው ቤተሰብ፣ ገሚሱ ከዋሽንግተን፣ ከቴል አቪቭ ወይም ከዱባይ ከሚደውል ዘመድ ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሱትን እዚህ ሰብስበናቸዋል። ዓ.ም. ካልተባለ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ልጁ ቀጭን ነው። ተፈጥሮው ይሁን የምግብ እጥረት በምን አውቃለሁ?

በዓይን መገመት አይበጅም። ቀጭን ሆኖ ጤናማ የሆነ ልጅ ሞልቷል። ጉንጩ ሞልቶ በጠና የታመመም አለ። ባለሙያዎቹ የሚጠቀሙት ባለ ሦስት ቀለም የክንድ መለኪያ ነው፤ ጤና ኬላ ላይ “ሙአክ” ሲሉት ትሰማላችሁ። በግራ ክንድ ላይ፣ በትከሻና በክርን መሃል ይጠመጠማል። ከ11.5 ሴንቲ ሜትር በታች ከሆነ ቀይ ነው፤ ከባድ አጣዳፊ የምግብ እጥረት ይባላል። ከ11.5 እስከ 12.5 ባለው መሃል ቢጫ ነው፤ መካከለኛ ይሉታል። ከዚያ በላይ አረንጓዴ ነው። የቆዩ ሠራተኞች 11 የሚል ቁጥር ቢጠቅሱላችሁ አትገረሙ፤ የድሮው መመሪያ እንደዚያ ነበር።

የሚለካው ከ6 ወር እስከ 5 ዓመት ያለ ልጅ ነው። በዚህ ዕድሜ የጤናማ ልጅ ክንድ ውፍረት ብዙም ስለማይለዋወጥ አንድ ቁጥር ለሁሉም ይሠራል። ሚዛን አይፈልግም፣ ስሌት አይፈልግም፣ ፊደል መቁጠርም አይጠይቅም። እናቶች ራሳቸው ሊለኩበት ይችላሉ። ኒጀር ውስጥ ተሞክሮ፣ እናቶች ከሠለጠኑ ሠራተኞች የማይተናነስ ልኬት እንደሚወስዱ ታይቷል።

ሁለተኛው ምልክት እብጠት ነው። የሁለቱንም እግሮች ላይኛ ክፍል በአውራ ጣት ለ3 ሰከንድ ያህል ተጭናችሁ ልቀቁ። ጎድጎድ ብሎ ከቀረ፣ ክንዱ ምንም ይለካ ምን፣ ልጁ በጠና ታሟል። ብዙ ቤተሰብ የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ያበጠ ፊት “ልጁ ወፈረ፣ ወዛ” ያስብላል። እልል ሲባል ልጁ እያለቀ ነው።

መቀንጨር የሚባለውስ ያው ነው?

አይደለም። መቀንጨር የቁመት ጉዳይ ነው፤ ለወራትና ለዓመታት የተጠራቀመ ጉዳት። መክሳት በሳምንታት ውስጥ የሚመጣ ነው፤ ቶሎ ይገድላል፣ ከታከመም ቶሎ ይድናል። በ2019 በተደረገው አገር አቀፍ ዳሰሳ፣ ከአምስት ዓመት በታች ካሉ የኢትዮጵያ ልጆች 37 በመቶው የቀነጨሩ፣ 7 በመቶው የከሱ ነበሩ። የሰቆጣ ቃል ኪዳን የተባለው የመንግሥት ዕቅድ መቀንጨርን እስከ 2030 ለማስቀረት የወጣ ነው። እዚህ የምናወራው ግን ስለ መክሳቱ ነው።

ይህን ያህል የታመመ ልጅ ለምን ሆስፒታል አይተኛም? ቤቱ መላክ ቸልተኝነት አይሆንም?

ድሮ ሐኪሞቹም እንደዚያ ነበር የሚያስቡት። የ77ቱን ረሃብ የሚያስታውስ ሰው የኮረምን መጠለያ ያስታውሳል። ምግብ ያለው መጠለያው ጋ ብቻ ስለነበር ሰው ሁሉ ወደዚያው ፈለሰ። የተዳከመ ሰው አንድ ቦታ ሲታጨቅ ኩፍኙ፣ ተቅማጡና ታይፈሱ ይከተላል። ከረሃቡ የተረፈውን ሕፃን ወረርሽኙ ወሰደው።

በኋላ የመጡት የሕክምና ምገባ ማዕከላት በብዙ ይሻሉ ነበር። ሐኪም አላቸው፤ ልዩ ወተት አላቸው። ግን እናት ከአንድ ልጇ ጋር ለሳምንታት መተኛት ነበረባት። ቤት የቀሩት ልጆችስ? ከብቱስ? የእርሻውስ ወቅት? ብዙዋ እናት አስልታ ትቀራለች፤ ወይም ልጁ ሳይድን ይዛው ትወጣለች። እሷን ግዴለሽ ማለት ቀላል ነው። ያልገጠመው ግን አሠራሩ ነበር።

ይህ ከተቀየረባቸው ቦታዎች አንዱ እዚሁ አገር ነው። በ2000፣ በሐዲያ ባዳዋቾ ወረዳ፣ በከባድ የምግብ እጥረት የተጎዱ 170 ልጆች ቤታቸው ሆነው እየተመላለሱ ታከሙ። 85 በመቶው ዳኑ፣ 4 በመቶው ሞቱ። በዓለም አቀፉ የአስቸኳይ ጊዜ መስፈርት አንድ ፕሮግራም ደህና ሠራ የሚባለው ሞት ከ10 በመቶ በታች ከሆነ ነው፤ ስለዚህ ውጤቱ ብዙ ሰው አስገረመ። በ2007 የዓለም ጤና ድርጅት፣ ዩኒሴፍና የዓለም ምግብ ፕሮግራም አሠራሩን በጋራ መግለጫ ተቀበሉት።

ኢትዮጵያ ውስጥ ነገሩ ሥር እንዲይዝ ያደረገው የጤና ኤክስቴንሽኑ ነው። ፕሮግራሙ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ዕቅዱ እያንዳንዱ የገጠር ቀበሌ ጤና ኬላና ሁለት ሴት ሠራተኞች እንዲኖሩት ነበር። በ2008ቱ የምግብ ቀውስ ጊዜ ሕክምናው ወደ ጤና ኬላዎቹ ወረደ። ዛሬ ልጁን የምታየው ሠራተኛ ቋንቋውን የምታውቅ፣ የሠፈሩን ሰው በስም የምትጠራ ናት። እናቲቱ በቀጠሮዋ ካልመጣች ቤቷ ድረስ ሄዳ “ምነው ቀረሽ?” ትላለች። ለሕክምናው ስለሚሰጠው የምግብ ፓኬት፣ ስለ ፕላምፒ ነት፣ ብዙ ተጽፏል። በእኔ ግምት ግን ከፓኬቱ ይልቅ ልጅ ያዳነችው እሷ ናት።

ፕላምፒ ነት ምኑ ነው ልዩ? ፋፋ ወይም በቅቤ የራሰ ገንፎ አይተካውም?

ውስጡ ያለው የለውዝ ቅቤ፣ የወተት ዱቄት፣ ስኳር፣ የአትክልት ዘይት፣ ቫይታሚንና ማዕድን ነው። አንዱ ፓኬት 92 ግራም ሲመዝን 500 ካሎሪ ይሰጣል። በ1996 አንድሬ ብሪያን የተባለ ፈረንሳዊ የሕፃናት ሐኪምና ሚሼል ሌስካን የተባለ የምግብ ባለሙያ ሠሩት። እዚህ አገርም ሂሊና የተባለው ፋብሪካ ያመርተዋል።

ትልቁ ብልሃት ካሎሪው አይደለም፤ ውሃ የማይፈልግ መሆኑ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው የሕክምና ወተት በንጹሕ ውሃ መበጥበጥ ነበረበት። ንጹሕ ውሃ በሌለበት ቤት ወተቱ ራሱ ተቅማጥ ያመጣል። ይህኛው ግን እርጥበት ስለሌለው ጀርም በቀላሉ አይራባበትም። አይበስልም፣ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ጫፉን ቀድዶ ለልጁ መስጠት ብቻ ነው። ልጁ ግን አጠገቡ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ ይፈልጋል፤ ነገሩ ያስጠማል።

7 ኪሎ ገደማ የሚመዝን ልጅ በቀን ወደ ሦስት ፓኬት ይወስዳል። ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ከስድስት እስከ ስምንት ሳምንት ይፈጃል። በጥቅሉ አንድ ልጅ አንድ ካርቶን፣ ማለትም 150 ፓኬት ያህል ይጨርሳል።

ፋፋ ትውልድ ያሳደገ ምግብ ነው፤ ክብሩን አንነካም። ለጤናማ ልጅ ጥሩ ነው። ቢጫ ላይ ላለ ልጅም ፋሚክስ የመሰለ የተመጣጠነ ዱቄት ወይም ፕላምፒ ሳፕ የተባለው ፓኬት ይሰጣል። ቀይ ላይ ለደረሰ ልጅ ግን ገንፎ ሆዱን ይሞላና ሰውነቱ ያጣውን ማዕድን ሳያገኝ ያስጠግበዋል።

ወንድምና እህቶቹም ርቧቸዋል። ብታካፍላቸው ምን አለበት?

ከሁሉም የሚከብደው ጥያቄ ይህ ነው። ከአንድ ገበታ ለሚበላ ቤተሰብ፣ ለአንዱ ልጅ ጣፋጭ ነገር ሰጥቶ ሌሎቹን “ተመልከቱ” ማለት ነውር ነው። አራት ልጅ ዓይኑን ተክሎባት ለአንዱ ብቻ የምታጎርስ እናት የት አለች? ስለዚህ ይካፈላል። ሁሉም ሠራተኛ ያውቀዋል።

ከተካፈለ ደግሞ የታመመው ልጅ ኪሎ አይጨምርም። በየሳምንቱ ሲመዘን እዚያው ነው። ሕክምናው ይረዝማል፣ ልጁ በመሃል ኩፍኝ ወይም የሳንባ ምች ይይዘዋል። ለዚህ ነው የጤና ኤክስቴንሽኗ “ይሄ መድኃኒት ነው” እያለች የምትደጋግመው። የአንዱን ልጅ መድኃኒት ለሌላው አይሰጡም፤ ይህን ልጆቹም ይገባቸዋል። በብዙ ቦታ እናቶች ባዶውን ፓኬት ይዘው እንዲመለሱ ይጠየቃሉ። ልጁ ከሌሎቹ ተለይቶ፣ ከቤተሰቡ ምግብ በፊት ቢበላም ይረዳል።

ምክር ብቻውን ግን ሆድ አይሞላም። በደንብ የሚሠሩት ፕሮግራሞች ለቤተሰቡም ራሽን ወይም ጥሬ ገንዘብ ያክሉበታል። እሱ ሳይኖር እናቲቱን “ለምን አካፈልሽ?” ብሎ መቆጣት በበኩሌ አይዋጥልኝም።

ሱቅ ውስጥ ሲሸጥ አይቻለሁ። እሱስ?

አዎ፣ ይታያል። አንዳንዱ ከቤት የወጣ ነው፤ በስኳርና በዘይት ይቀየራል። አንዳንዱ ከመጋዘን የወጣ ነው፤ እሱ ሌብነት ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ባንደባልቃቸው ጥሩ ነው። ገዝታችሁ ለልጃችሁ አትስጡ። ጤናማ ልጅ አያስፈልገውም፣ የታመመው ደግሞ ምርመራ ይፈልጋል።

ሁሉም ልጅ ቤቱ ሆኖ ይታከማል?

የለም። መጀመሪያ የምግብ ፍላጎቱ ይፈተናል። ፓኬቱ ይከፈትለትና ይቀምስ እንደሆነ ይታያል። በደንብ ከበላና ሌላ ከባድ ሕመም ከሌለው አንቲባዮቲክና የሳምንት ፓኬት ይዞ ይሄዳል። አልበላም ካለ፣ የሚያስመልሰው ከሆነ፣ ከፍተኛ ትኩሳት ካለው፣ ከደነዘዘ ወይም እብጠቱ ከበዛ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መተኛት አለበት። ከስድስት ወር በታች ያለ ሕፃንም በዚህ ፓኬት አይታከምም።

ለሚተኛው ልጅ የሚሰጠው ወተት ኤፍ 75 ይባላል፤ ኃይሉ ሆን ተብሎ የቀነሰ ነው። በትንሽ በትንሹ፣ በየሁለትና ሦስት ሰዓቱ፣ ሌሊትም ጭምር። በጣም የተጎዳ ሰውነት ብዙ ምግብ በአንዴ ሲመጣበት ልቡም ኩላሊቱም አይችሉትም። “ልጁ ተርቧል፣ ጨምሩለት” የሚል ዘመድ ሁሌም አለ። ከዚያ የሚብሰው “ግሉኮስ ይሰካለት” የሚለው ነው። ብዙ ሰው ግሉኮስ ካልተሰካለት የታከመ አይመስለውም። በምግብ እጥረት ለተጎዳ ሕፃን ግን በደም ሥር የሚገባ ፈሳሽ ልቡን አጨናንቆ ሊገድለው ይችላል። ሐኪሙ የሚያዘው ነፍስ ለማዳን ሲገደድ ብቻ ነው። አልሰካም ካለ አትጣሉት።

በጾም ወቅት ለልጁ ወተትና እንቁላል መስጠት ይቻላል?

በኦርቶዶክሱ ሥርዓት ከሰባት ዓመት በታች ያለ ልጅ ጾም የለበትም። እንቅፋቱ ሌላ ቦታ ነው፤ እናቲቱ ድስቷና ጭልፋዋ በፍስክ እንዳይነካባት ትፈራለች። ስለዚህ ልጁ ከነቤተሰቡ ይጾማል፤ ዓመቱን ስንደምረው ቀላል ጊዜ አይደለም። ለልጁ ለብቻው የሚሆን ትንሽ ድስትና ማንኪያ መያዝ መፍትሔ ነው። ነርስ ከምትነግራት ደግሞ የንስሐ አባቷ ቢነግሯት ይሰማል። ካህናትን በዚህ ጉዳይ ያሳተፉ ወረዳዎች ብልህ ናቸው። ሙስሊም እናቶችም ቢሆኑ የሚያጠባ ሰው በረመዳን ሊያፈጥርና በሌላ ጊዜ ሊያካክስ እንደሚችል ከኢማሙ ቢሰሙ ይቀላቸዋል።

ውጭ አገር ነው ያለሁት። በማኅበራችን ስም የዱቄት ወተት ሰብስበን ብንልክስ?

እባካችሁ አትላኩ። ሐሳቡ ከልብ እንደሆነ እናውቃለን። ግን የዱቄት ወተት ንጹሕ ውሃ፣ ማገዶና የሚቀቀል ጡጦ ይፈልጋል። መጠለያ ውስጥ ሦስቱም የሉም። ከዚያ ይልቅ የሚያሰጋው ደግሞ ሌላ ነው። ጡጦ የለመደ ሕፃን ጡት ይተዋል፤ ካልተጠባ ጡቱ ይደርቃል። የመጣው ቆርቆሮ ሲያልቅ እናቲቱ ባዶ እጇን ትቀራለች። በ1981 የጸደቀው የእናት ጡት ወተት ምትኮችን ገበያ የሚገዛው ዓለም አቀፍ ደንብ የወጣው እንዲህ ያለውን ጉዳት አይቶ ነው። በአደጋ ጊዜም ወተት በእርዳታ መልክ እንዳይበተን ባለሙያዎች ይመክራሉ።

“እናትየዋ ራሷ ርቧት ምን ወተት አላት?” ይባላል። አላት። በመጠኑ የተጎዳች እናትም በቂ ወተት ታመነጫለች፤ ሕፃኑ በጠባ ቁጥር ይጨምራል። ስለዚህ የምትመግቡት እሷን ነው። እናቱን ያጣ ሕፃን ሲኖር ወተት ይሰጠዋል፤ እሱ ግን በጤና ባለሙያ ክትትል ነው።

ገንዘብ ላኩ። ዘመድ ካላችሁ በቀጥታ ለእናቲቱ፤ ካልሆነ አካባቢውን ለሚያውቅ፣ የተመዘገበ ድርጅት። አንድ ካርቶን ፕላምፒ ነት በግምት ከ40 እስከ 50 ዶላር ነው። ለአንድ ኮንቴይነር ያገለገለ ልብስ የምትከፍሉት የማጓጓዣ ዋጋ ስንት ካርቶን እንደሚገዛ እናንተው አስሉት።

እርዳታው በእርግጥ ለልጆቹ ይደርሳል? ስንሰማ የኖርነው ሌላ ነው።

የሰማችሁት ሐሰት አይደለም። በ2023 የአሜሪካው ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ ደግሞ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቁመው ነበር። ምክንያቱ ስንዴው ከታሰበለት ሰው እጅ ወጥቶ መገኘቱ ነው። የተቀጣው ግን የሰረቀው ብቻ አይደለም፤ ወራትን ያለ ራሽን ያሳለፈውም ጭምር ነው። ሥርጭቱ የተመለሰው ዓመቱ ሊያልቅ ሲል፣ የምዝገባና የቁጥጥር አሠራሩ ከተቀየረ በኋላ ነው።

የዓለም ምግብ ፕሮግራም የሕፃናትና የነፍሰ ጡሮች የአልሚ ምግብ እርዳታው እንደማይቋረጥ ያኔ ተናግሮ ነበር። የሕፃናት ሕክምና ከስንዴ እደላ አንጻር ለመከታተል ይቀላል። እያንዳንዱ ልጅ ካርድ አለው፤ በየሳምንቱ ይመዘናል። ፓኬቱ ካልደረሰው ሚዛኑ ይናገራል።

አንድ ነገር ግን ጮክ ብለን እንበል፦ ሕክምናው ነፃ ነው። ለመመዝገብ ገንዘብ፣ ጉልበት ወይም ሌላ “ውለታ” የሚጠይቅ ሰው ካለ፣ ቀበሌም ይሁን ድርጅት፣ ወንጀል እየሠራ ነው። ድርጅቶች የቅሬታ መቀበያ ስልክ ወይም ሳጥን እንዲኖራቸው ይጠበቃል። የሌለውን ለምን እንደሌለው ጠይቁ።

አሜሪካ እርዳታ ከቀነሰች በኋላ ምን ተለወጠ?

ብዙ። በጃንዋሪ 2025 የውጭ እርዳታው ታገደ፤ በጁላይ ዩኤስኤይድ ራሱ ተዘጋ። ድርጅቱ በዓለም ላይ ለዚህ ፓኬት ብዙ ገንዘብ ከሚያወጡት አንዱ ነበር። በአሜሪካ ጆርጂያና ሮድ አይላንድ ግዛቶች ያሉት አምራቾች ውላቸው ተሰርዞ፣ ተመልሶ፣ በዚያ መሃል ምርት ተከምሮባቸው ነበር። ሲቋረጥ ቶሎ የማይታየው ደግሞ የመኪናው ነዳጅና የተንቀሳቃሽ ጤና ቡድኑ ደመወዝ ነው። ፓኬቱ አዳማ መጋዘን ተቀምጦ ቦረና ካልደረሰ ለልጁ እንደሌለ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ወገኖች ለምክር ቤት ተወካያችሁ መደወል ትችላላችሁ፤ ከምታስቡት በላይ ይቆጠራል።

ልጁ ድኖ ቤቱ ገባ። ተመልሶ ቢከሳስ?

ይከሳል፤ ብዙ ጊዜ ያጋጥማል። ክንዱ ሁለት ቀጠሮ ተከታትሎ 12.5 ሲደርስና እብጠቱ ሲጠፋ ከሕክምናው ይወጣል። ቤቱ ግን ያው ቤት ነው። ጉድጓዱ ያው ነው፤ ላሟ አልተመለሰችም፤ አባት ለቀን ሥራ ወጥቶ አልተመለሰም። የሕክምና ሰዎች እዚህ ጋ እጃቸው ያጥራል።

ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ የማኅበረሰቡ ነው። ከ2005 ጀምሮ ያለው የልማታዊ ሴፍቲኔት ለሚሠራው በሥራው፣ ለማይችለው በቀጥታ ይከፍላል። ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት ከጉልበት ሥራው ነፃ ናት፤ ብዙዎች መብታቸው መሆኑን ስለማያውቁ አፈር ሲሸከሙ ይታያሉ። አርብቶ አደር አካባቢ ደግሞ ለልጅ ወተት የሚሰጡትን ጥቂት ፍየሎችና ላሞች በድርቅ ጊዜ መቀለብና መክተብ፣ ከብቱ ካለቀ በኋላ ከሚመጣ ካርቶን ይረክሳል። በተከታታይ አምስት የዝናብ ወቅቶች በከሸፉበት የ2020–22 ድርቅ ቦረናና ሶማሌ ክልል ውስጥ ያለቀው ከብት ይህን በደንብ አስተምሯል።

ለምን የልጆቹን ፎቶ አትለጥፉም? ሰው ካላየ አይሰጥም።

እውነት ነው፤ ያያል፣ ይሰጣል። በኦክቶበር 1984 የቢቢሲው ማይክል በርክና ካሜራማኑ መሐመድ አሚን ከኮረም ያሳዩት ዓለምን አንቀሳቅሷል። ግን እነዚያ ልጆች ስም አልነበራቸውም። የተረፉት ዛሬ ትልልቅ ሰዎች ናቸው፤ ማንም አልጠየቃቸውም። አሁን ያለችው ልጅ ደግሞ ነገ ትምህርት ቤት ትገባለች፤ ጓደኞቿ ስልክ አላቸው። እርቃኗን፣ ዝንብ ፊቷ ላይ እያለ የተነሳችው ፎቶ አይጠፋም። እናቷ ፓኬቱን ከሚሰጣት ሰው ፊት “አይቻልም” ለማለት ድፍረት ይኖራታል ብሎ ማሰብም የዋህነት ነው። ስለዚህ የሕክምናውን እንጂ የሕመሙን ፎቶ አንጠይቅም።

አሁን የዘመዴ ልጅ ከስቶ አይቻለሁ። ምን ላድርግ?

ነገ ሳይሆን ዛሬ ጤና ኬላ ይወሰድ። የክትባት ካርዱ ካለ ይያዝ፤ ከጠፋም አትቅሩ። ጡት የሚጠባ ከሆነ መንገድ ላይም ይጥባ። እንዲበረታ ብላችሁ ቅቤ አትጋቱት፣ እንግሊዝ ጨውም አትስጡት። ጤና ኬላው ዝግ ከሆነ ወይም ፓኬት አልቋል ከተባለ ወደ ጤና ጣቢያው እለፉ። ልጁ ከደነዘዘ፣ የሚያንቀጠቅጠው ከሆነ ወይም ሁሉንም የሚያስመልሰው ከሆነ ተራ አትጠብቁ፤ በሩ ላይ “ይህ ልጅ ድንገተኛ ነው” በሉ።